በሁለት ክፍል መካከል ያለ ውሃ

የባሕርን ጥልቀት የሰፈረ፣ በውስጧ የሚመላለሰውንም ሁሉ በየወገኑ የሚያውቅ አምላክ፣ በአንዲት የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖሩትን ዓሦችም አልዘነጋቸውም። ዘመን የእርሱ ነው፤ ለእኛ ከዘመኑ ቁንጥር ይሰጠንና ሰዓት እያልን እንከፋፍለዋለን። እንግዲህ በእርሱ ዕውቀትና በእርሱ ጊዜ የሆነውን የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ነገር፣ እርሱ እንደ ፈቀደልን መጠን እንናገራለን።

ወንድምየው ሰዓት ሠሪ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ሱቁን ዘግቶ የሥራ ጠረጴዛውን ወደ ቤቱ የፊት ክፍል አመጣ፤ የድሮ ደንበኞቹም ቆመብን፣ ዘገየብን፣ ቀደመብን እያሉ የሚያመጡለትን ሰዓት በዚያው እየፈታ ይገጥማል። ታናሽ እህቱ ደግሞ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ የሌላውን ሰው ስሕተት ስታቃና ኖራ ጡረታ ወጣች። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ በወላጆቻቸው ቤት አረጁ። በፊተኛውና በኋለኛው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀድሞ ሳህን የሚቀባበሉበት መስኮት ነበር። እናታቸው አልጋ በያዘች ጊዜ፣ ተኝታ የምታየው ነገር እንዳታጣ ብለው በዚያ መስኮት ላይ የመስታወት ገንዳ አስገጠሙና ዓሣ አኖሩበት። እናት አረፈች፤ ክፍሏም ለእህት ሆነ፤ ውሃው በሁለቱ መካከል ቀረ።

ጠዋት ፀሐይ በእህት መስኮት ትገባና ውሃውን አቋርጣ በሰዓት ሠሪው ጣሪያ ላይ የሚንቀጠቀጥ የብርሃን መረብ ትጥላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእሱ መስኮት ገብታ ያንኑ መረብ ወደ እሷ ጣሪያ ታሻግረዋለች። በዚያን ጊዜ ክፍሎቹ ራሳቸው ከውሃ በታች ያሉ ይመስላሉ፤ ወንበሩ፣ መጽሐፉ፣ በግድግዳው የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ በዝግታ የሚዋኙ ይመስላሉ። በዚህ ቤት፣ ከብርሃኑ በቀር፣ ከወንድም ወደ እህት በቀጥታ የሚሻገር ነገር አልነበረም።

ዝምታው በየት ገባ ያላችሁ እንደሆነ፣ በደጁ በር ነው የገባው። እናታቸው በሕይወት ሳለች አንድ ቀያሽ ለሥራ ወደ ከተማው መጥቶ፣ የሚያሳትመውን ካርታ ይዞ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይመላለስ ነበር። የወንዞቹንና የመንደሮቹን ስም የምታርምለት እሷ ነበረች። መጀመሪያ ስለ ወንዞቹ ተነጋገሩ፤ ቀጥሎም ወንዞቹን ተዉአቸው። የሥራው ዘመን ሲያበቃ፣ ቀያሹ የተጠቀለለ ካርታ በብብቱ ይዞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው መጣ። እሷ ለእናቷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስለ ነበር በሩን የከፈተለት ወንድሟ ነው።

«አብራኝ ትሄድ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር የመጣሁት» አለ ቀያሹ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«እህቴ እናቷን ጥላ የትም አትሄድም» ብሎ መለሰለት ወንድምየው። ክፋት አልነበረበትም፤ የእህቱን ልብ እንደ ሰዓት ከፍቶ ያየው መስሎት ነው። ቀያሹ አመስግኖ ሄደ፤ ከተማውንም ለቀቀ።

እሷ ነገሩን የሰማችው ውላ አድራ፣ ያውም ከሥራ ባልደረቦቿ አፍ ነው። ወደ ቤት ገብታ ወንድሟን አየችውና «በእኔ ፈንታ አንተ ከተናገርክ፣ እኔ የምናገረው ምን ቀረኝ?» አለችው። በቀጥታ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። ቀድሞ «ጋሼ» ነበር የምትለው፤ ከዚያ ወዲያ ጋሼም አንተም ቀረ።

እናት ሳለች በእናት በኩል ይነጋገሩ ነበር፤ «እማዬ፣ በይው»፣ «እማዬ፣ በያት» እየተባባሉ። እሷ ስታርፍ ግን በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የቀረው ዓሣ ብቻ ነው። ከዓሦቹ መካከል አንድ ትልቅ፣ ወርቃማ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ዐይኑ የማይርገበገብ አዛውንት አለ። አፉን ሊፈርድ ይከፍተዋል፤ ሳይፈርድ መልሶ ይዘጋዋል። ጉዳዩን ሁሉ ለሌላ ቀጠሮ የሚያስተላልፍ ዳኛ መሰላቸውና ስሙ «ዳኛው» ሆኖ ቀረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤቱ ነገር ሁሉ በዳኛው ፊት ይታያል።

«ክቡር ዳኛ» ትላለች እህት በወዲያኛው መስታወት በኩል ቆማ፣ «የኩሽናው ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። የሰው ሁሉ ሰዓት እጠግናለሁ የሚል ሰው በሚኖርበት ቤት ይህ ይገባል?»

«ክቡር ዳኛ» ይላል ወንድም፣ ማጉያ መነጽሩን ከዐይኑ ሳያነሣ፣ «ሰዓትና ቧንቧ ለየቅል መሆናቸውን ለከሳሽ ያስረዱልኝ። ደግሞ የጨው ዕቃውን የደበቀው ማን እንደሆነ ይጠየቅልኝ።»

«አልተደበቀም። የደም ግፊት ያለበት ሰው እጁ የማይደርስበት ቦታ ነው የተቀመጠው።»

«እጄማ ይደርሳል!»

«ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሽ አመነ። ይጻፍልኝ።»

ወንድም ይህን ሲሰማ ሳቁን ለማፈን ጢሙን ይይዛል። ዓሦቹን ጠዋት የሚያበላ እሱ ነው፤ አመሻሹ ላይ የምታበላ እሷ ናት። ታዲያ አንደኛው ሲያበላ ሌላኛው በወዲያ በኩል አንድ የሚያስቆም ምክንያት አያጣም፤ መጋረጃ ይሰበስባል፣ መስታወት ይወለውላል፣ የጠፋ መርፌ ይፈልጋል። በውሃው ውስጥ አንዱ የሌላውን ፊት ያያል፤ ፊቱ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ በዓሣ ጅራት ይሸፈናል፣ እንደገና ይገለጣል። ይህ ችሎት ባይኖር ኖሮ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት እንግዶች በሆኑ ነበር። ሰዓት ሠሪው ይህን ያውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረውም።

ታዲያ ከዕለታት በአንዱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሌላ ከተማ አግብታ የምትኖረው የሌላው ወንድማቸው ልጅ ስልክ ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ድምፅዋ ለሁለቱም እንዲሰማ ስልኩ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠ።

«አሁን ሁለታችሁም በአንድ ላይ ካልመጣችሁ በሬን አልከፍትም!» አለች። «ባለፈው አጎቴ ብቻውን መጣ፤ ከዚያ በፊት አክስቴ ብቻዋን። ልጄ አጎትና አክስት እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ እየተፈራረቁ የሚወጡ ይመስላት እንዴ?»

«ዓሦቹን ማን ያይልናል፣ ልጄ?» አለች እህት።

«አሁንም ዓሦቹ! እንግዲያው መቆጣጠሪያ ግዙላቸው። ውሃውን የሚያሞቅ፣ መብራቱን የሚያበራ፣ የሚያበላ ሁሉ አለ። ራሱ ይሠራል፤ እናንተ እግራችሁን አንሡ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ እህት ጉሮሮዋን ጠርጋ «ክቡር ዳኛ፣ መቆጣጠሪያ ይገዛልን የሚል አቤቱታ አለኝ» አለች።

ሰዓት ሠሪው በወረንጦ ይዞት የነበረው ብሎን አምልጦት ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊፈልገው ጎንበስ አለ፤ ብሎኑን ቢያገኘውም ቶሎ ቀና አላለም። ዓሦቹን የሚያበላ፣ መብራቱን የሚያበራ፣ ሙቀቱን የሚለካ ሌላ ከተገኘ፣ እህቱ ወደ መስታወቱ ለምን ትመጣለች? እሱስ ምን ብሎ ይቆማል? ሌላው ሰው ማሽኑን የሚመዝነው በጥቅሙ ነው፤ ለእሱ ግን ነገሩ የቀረችለት አንዲት መስኮት ትዘጋ ወይስ አትዘጋ ነበር።

«ክቡር ዳኛ» አለ በመጨረሻ፣ «ነገሩ ይጠና።» ዳኛውም አፉን ከፍቶ ዘጋ።

የዓሣና የዓሣ ዕቃ ነጋዴውን የሰፈሩ ሰው «ፏፏቴው» ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ማውራት ከጀመረ የሚገድበው የለምና። እህት አስጠርታው ስለ ነበር በማግስቱ ካርቶን አቅፎ መጣ።

«ይኸውላችሁ!» አለ ገና ከደጅ። «አባቴ፣ ይህ ዕቃ አይደለም፤ ጓደኛ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ይከፍታል፤ ሲሞቅ ይዘጋል። መብራት፣ አየር መንፊያ፣ ምግብ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው። ውሃው ከተበላሸ ደግሞ ይጮኻል። እናንተ ተኙ፤ እሱ አይተኛም፣ አያንቀላፋም!»

«የማያንቀላፋስ አንድ ብቻ ነው» አለች እህት ከወዲያኛው ክፍል።

«እሱንስ ልክ ነዎት፣ እማማ፤ እኔ ያልኩት ስለ ዓሣው ብቻ ነው» አለ ፏፏቴው ፈጠን ብሎ፣ ሰማይን በዐይኑ ይቅርታ እየጠየቀ።

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን አድርጎ የማሽኑን ጀርባ ፈታ። እንከን ቢያገኝበት ደስ ባለው ነበር። በጥንቃቄ የተበየደ፣ ውሃ እንዳይገባው በጎማ የታሸገ፣ ንጹሕ ሥራ ሆኖ አገኘው። ልቡ አዘነ፤ እጁ ግን የሰለጠነ እጅ ነውና ጥሩ ሥራን ማክበር አልተወም።

«መብራት ቢጠፋስ?» አለ።

«ውስጡ ባትሪ አለው።»

«የምግቡ ዕቃ እርጥበት ገብቶት ቢጣበቅስ?»

«ይህን የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። አልፎ አልፎ ይጣበቃል፤ ከክዳኑ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።» ከዚያ ፏፏቴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሙከራ ልተውላችሁ። ዓሦቹም ይዩት፣ እናንተም እዩት። ስመለስ አዎ ወይም አይሆንም ትሉኛላችሁ፤ አልቀየምም። ደግሞ ብቀየምስ ማን ይሰማኛል? ሁልጊዜ ስለማወራ ሰው መቀየሜን አይለይልኝም።»

ማሽኑ ተገጠመ። ከገንዳው አናት ላይ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ተቀመጠ፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት በግንባሩ ላይ ትበራለች። ጠዋት ሰዓት ሠሪው ገና ከመኝታው ሲነሣ ብርሃኑ በርቶ፣ ምግቡ ወርዶ፣ ዓሦቹ በልተው አገኛቸው። አመሻሹ ላይ እህት ስትመጣም እንደዚሁ ሆነ። ሁለቱም በየመስታወታቸው ፊት ትንሽ ቆሙ፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው፤ ተመለሱ።

ማሽኑ አንድም ነገር አላጎደለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነበር። ችሎቱ ተዘጋ። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ የሚከስ የለም። የጨው ዕቃው ወደ ቦታው ተመልሶ ተገኘ፤ የመለሰውም የተመለሰለትም ምንም አላሉም። ሰዓት ሠሪው በሥራው መካከል ቀና እያለ በውሃው ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለውን ወንበር ያያል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። በግድግዳው የተሰቀሉት ሰዓቶች ድምፅ ከወትሮው ይልቅ ጎላ ብሎ ተሰማው፤ በእጁ ያለፉት ሰዓቶች ሁሉ በአንድነት እሱን የሚጠብቁ መሰለው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ የብርሃኑ መረብ ወደ እህቱ ክፍል በሚሻገርበት ጊዜ፣ በወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙም ገንዳው የሚያበቃበት ጠፍቶ ውሃው ቤቱን ሁሉ ሞልቶት አየ። አልሰመጠም፤ ውሃው ለስላሳና ለብ ያለ ነው። እናቱ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯ እንደ ውሃ ሣር ወደ ላይ ይወዛወዛል። ሰዓቶቹ ከግድግዳው ተላቅቀው እንደ ዓሣ በመንጋ አለፉ። በሩ ተንኳኳ። ሲከፍተው ቀያሹ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ካርታው ከብብቱ ተፈትቶ በውሃው ውስጥ ይዘረጋል፣ በላዩ ያሉት ወንዞችም ይፈስሳሉ። ሰዓት ሠሪው ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣም፤ አረፋ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አረፋ። ዞር ሲል እናቱ ፈገግ ብላ «አንተ ምን አገባህ? ጠያቂው የመጣው ወደ አንተ ነው እንዴ?» አለችው።

ነቃ። ጣሪያው ላይ የቀረ ብርሃን አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ማዶ ተሻግሮ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ተነሣና የዓሣውን ምግብ ቆርቆሮ ከመሳቢያ አወጣ። ዓሦቹ እንደ በሉ ያውቃል። ቢሆንም ቁንጥር አድርጎ በተናቸው፤ ዳኛው መጥቶ ከጣቶቹ ሥር ዋጠ። ደረቱ ትንሽ ቀለል አለው። በሚቀጥሉትም ቀናት እንደዚሁ አደረገ፤ ማንም እንዳያየው እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየ።

ከዚያም አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ማሽኑ ጮኸ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ አረንጓዴ የነበረችው መብራቱም ቀልታለች። ሰዓት ሠሪው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሮጠ፤ ከወዲያም የእህቱ ጫማ ሲንኳኳ ሰማ። ውሃው ደፍርሶ እንደ እሸት ወተት ነጥቷል። ዓሦቹ ከላይ ሆነው አየር ይለምናሉ። እህቱ በመስታወቱ ማዶ መቆሟን ያውቃል፤ ሊያያት ግን አልቻለም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ውሃው እህቱን ሲሸፍንበት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልቡ ደነገጠ፤ ለዓሦቹ ብቻ አልነበረም የደነገጠው።

ዓሦቹን በመረብ እያወጣ በንጹሕ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አደረጋቸውና ሳፋውን ኩሽና አኖረው። ከዚያ የደፈረሰውን ውሃ ለመቅዳት ቱቦውን በእሱ በኩል ነከረ፤ ባልዲው ግን በእሷ በኩል ነው፤ ጫፉ ወደዚያ መውረድ አለበት። ቱቦውን በገንዳው አናት ላይ አሳልፎ ሰደደላት።

«ክቡር ዳ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ዳኛው ኩሽና ነው። የሚሰማ ዳኛ የለም።

ቱቦው በእጇ ውስጥ ተወራጨ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይፈስስ ጀመር።

«ያዢው!» አለ። ቃሉ ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነው።

ከዚያ ከወዲያ ማዶ «ይዣለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። በቀጥታ መጣ፤ በማንም በኩል አላለፈም።

ገንዳው እየጎደለ ሲሄድ የወዲያኛው ክፍል ቀስ በቀስ ተገለጠ፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የመጋረጃው ዘንግ፣ ከዚያ የእህቱ ሽበት፣ ግንባሯ፣ ዐይኗ። በእጇ ቱቦ፣ በክንዷ ሥር ደግሞ አንድ ነገር አቅፋለች፤ ለመደበቅ ጊዜ ያጣችለት የዓሣ ምግብ ቆርቆሮ ነው። ሰዓት ሠሪው ወደ ራሱ ጠረጴዛ ቢዞር የእሱም ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ማሽኑ አብልቷል፣ እሱም በስውር አብልቷል፣ እሷም በስውር አብልታለች፤ ውሃውን ያደፈረሰው ይህ ትርፍ ምግብ ነው። እሷም የእሱን ቆርቆሮ አየችው። የሁለቱም ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓሦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ማሽኑም አረንጓዴ መብራቱን መልሶ ዝም አለ። እሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ወንድምና እህት ግን አፍረው እንደገና ወደየዝምታቸው ገቡ። አንዲት ቃል ብትወጣም፣ በችግር መካከል የወጣች ናትና እንደ ቃል ትቆጠር አትቆጠር ሁለቱም አላወቁም።

ፏፏቴው መልሱን ሊወስድ በመጣ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እህት በጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ሰዓት ሠሪው በሩን ከፈተ። ነጋዴው ከደጃፉ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፤ ሙቀት ስለ ነበር ነው ያወለቀው፤ ሰዓት ሠሪው ግን ያንን የወለቀ ቆብ ሲያይ እግሩ በዚያው በር ላይ እንደ ተቸነከረ ቆመ።

«እሺ አባቴ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? ይቀመጥ ወይስ ልውሰደው? ፊትዎን ሳየው ግን ውሰደው የሚል ይመስለኛል። ግድ የለም፤ አዎም ሆነ አይሆንም ለእኔ አንድ ነው፤ ብቻ እንዳልቆም...»

መልሱ በሰዓት ሠሪው ምላስ ላይ ነበር። ውሰደው። ለዓሦቹም አይበጃቸውም፣ ለእኛም አይበጀንም፤ እህቴም ብትሆን እንደ እኔ ነው የምታስበው፤ ቆርቆሮውን በክንዷ ሥር አይቼዋለሁ። ልቧን አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ሊል አፉን ከፈተ።

የወጣ ነገር የለም። በሕልሙ ያየው አረፋ ትዝ አለው። ከዚያም ቀያሹ አመስግኖ ሲሄድ ያሳየው ጀርባ ትዝ አለው።

«ቆይ» አለ። «እህቴን ልጠይቃት።»

ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር በእሷ ክፍል በኩል ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያንን ክፍል አልረገጠውም ነበር። ገንዳውን ከወዲያኛው ወገን አየው፤ የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ መብራት፣ የራሱ ባዶ ወንበር በውሃው ውስጥ ይወዛወዛሉ። ወንበሯ ወደ ገንዳው ሳይሆን በገንዳው ውስጥ ወደ እሱ ጠረጴዛ የዞረ መሆኑን አስተዋለ። ትንሽ ቆሞ ቦታውን እንደማያውቀው ሰው ቤት ተመለከተ። ከዚያ ወጣ።

እህቱ በነጭ አንሶላዎች መካከል ቆማለች፤ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛለች። ነፋሱ አንሶላውን ሲሞላው ትሸፈናለች፤ ሲለቀው ትገለጣለች። ሰዓት ሠሪው ከአንሶላው ወዲህ ቆመና፣ ሰውን በቀጥታ መጥራት የጠፋበት ሰው እንዴት እንደሚጀምር ሲያስብ ቆየ።

«እህት ዓለም» አለ በመጨረሻ። «መቆጣጠሪያውን እንግዛው ወይስ ይቅርብን? ሰውየው በር ላይ ቆሟል። እኔ ምንም አላልኩትም።»

አንሶላው ሞላ፣ ተነፈሰ። እህቱ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችው።

«ለማን ነው የምትናገረው?»

«ለአንቺ።»

«ዳኛው የት ሄዶ?»

«ዳኛው ቤት ነው። እኔ የመጣሁት አንቺን ልጠይቅ ነው።»

ዐይኗን አነሣች። ወንድሟን ያለ ውሃ፣ ያለ መስታወት አየችው፤ እሱም አያት። በውሃው ውስጥ ሲያያት የማይለይለትን ነገር አየ፤ ከዐይኗ ሥር እንደ እናታቸው ያለ ቀጭን መስመር ነበረ።

«ያን ጊዜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔም አልሄድም እል ይሆናል። ብቻዬን ስሆን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እማዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግን የምለው እኔ ነበርኩ።»

«አንቺ ነበርሽ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

እህቱ አንሶላውን ዘርግታ እጥፋቱን አቀናች፤ ስሕተት ያየች አራሚ እንደምታደርገው። ከዚያ «ሰዓት ሠሪ ሆነህ እንዲህ ትዘገያለህ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ጋሼ» የሚለው ቃል እንደዚያ ሲወርድ፣ ሰዓት ሠሪው የአንሶላውን ጫፍ ያዘ። ልብስ በማስጣት የሚረዳት አስመሰለ።

«እንግዲያው መልሱን ንገሪኝና ልንገረው» አለ፣ ወዲያውም የተናገረው ነገር ተሰማውና ፊቱ ቀላ። እህቱ ሳቀች። ትልቅ ሳቅ ነበር፤ የሰፈሩ ወፎች ከሽቦው ላይ ተነሡ።

«እኔው እነግረዋለሁ!» አለችና መቆንጠጫዎቹን በእጁ ላይ አፍስሳለት ገባች።

ሰዓት ሠሪው እጁን መቆንጠጫ ሞልቶ ከኋላዋ ገብቶ ገንዳው አጠገብ ቆመ። ውሃው ጠርቷል። በውሃው ውስጥ፣ በገዛ ክፍሉ ማዶ፣ እህቱ በደጁ በር ላይ ቆማ ስትናገር ይታየዋል፤ ድምፅዋም በክፍሎቹ መካከል ባለው ክፍት በር ይሰማል።

«ይቀመጥ» አለች። «ውሃውን ይለካ፣ ያሙቅ። ማብላቱን ግን ዝጋልን፤ እጅ አለን። የምናስከፍተው ወደ ወንድማችን ልጅ ስንሄድ ብቻ ነው።»

«ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ?» አለ ፏፏቴው።

«ሁለታችንም።»

«እኔማ አባቴን ፊታቸውን አይቼ ውሰደው የሚሉ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይህ እንግዲህ ምሳሌ የሚሆነኝ ነው፤ ሰው በሰው ፊት ላይ...»

«ልጄ» አለች እህት፣ «በሌላው ሰው ፈንታ አናውራ። ግባና ማብላቱን ዝጋ፤ ከዚያ ውሃ ጠጣ፤ ብዙ ስላወራህ ጠምቶሃል።»

ፏፏቴው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ገባ።

የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በዚያች ሰዓት ወደ ሰዓት ሠሪው መስኮት ደርሳ ነበር። ብርሃኑ ውሃውን አቋርጦ በቆመበት ክፍል ጣሪያ ላይ መረቡን ዘረጋ፤ እሱም ከዚያ መረብ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ። ለካ ወደ ማዶ የሚሻገረው ብርሃን እዚህ ሲያርፍ እንዲህ ያማረ ኖሯል። ዳኛው ወደ መስታወቱ ቀረበ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ያ ሁሉ ቀጠሮ ተዘግቷልና የሚቀርብለት ጉዳይ አልነበረም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በቤታችሁ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ውሃ ሁሉ አምላክ ያጥራላችሁ። የዘገየ ቃል ቢኖራችሁ ሳይመሽ ያድርስላችሁ፤ ጠያቂ ወደ ደጃችሁ በመጣ ጊዜ ለየራሳችሁ የምትመልሱበት ድምፅ፣ ለወንድምና ለእህታችሁም የምትጠይቁበት ትሕትና ይስጣችሁ። ጣሪያችሁ ብርሃን አይጣ፤ በር ከፋቻችሁ ፈገግታ አይጣ። አሜን።